የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል ማህበራችን የትኛውን መንገድ ይምረጥ?

ባለፈው ዓመት የእድራችን ኮሚቴ አንድ ከባድ ጉዳይ ይዞ ተቀመጠ። ከሰፈራችን አንዲት እናት ባሏ ክንዷን ሰብሮት ሆስፒታል ገብታ ነበር። አልሰማንም ማለት አንችልም። ለዓመታት ጩኸቱ በግድግዳ በኩል ይመጣ ነበር። እኛ ደግሞ "የሰው ገበና ነው" እያልን በራችንን እንዘጋለን። ክንዷ በጄሶ ታስሮ ስናያት ግን አፈርን። ከእድሩ ተቀማጭ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይውጣና አንድ ነገር ይሠራ ተባለ።

ሐሳብ አልጠፋም። አንዱ ለሴቶች ስልጠና እንስጥ አለ። ሌላዋ "ሴት የራሷ ገቢ ሲኖራት ማንም አይነካትም፤ የንግድ ብድር ይሁንላቸው" አለች። ባልና ሚስት አንድ ላይ ይምከሩ ያሉም ነበሩ። አንድ አዛውንት ሁሉንም በጸጥታ ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ አሉ፦ "የሚመታው ወንዱ፣ የምትሰለጥነው ሴቷ። ይኼ እንዴት ነው የሚሆነው?" ቤቱ ጸጥ አለ።

እኔ ጥናቶቹን አንብቤ እንዳቀርብ ተመደብኩ። ያገኘሁትን እዚህ የምጽፈው ሌላም እድር፣ ሌላም የሰፈር ማህበር ይኼው ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ነው። ገንዘባችን ትንሽ ነው። የሴቶቹ ሕይወት ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ በግምት መምረጥ የለብንም።

ከመምረጣችን በፊት

ሁለት ነገሮች ይለዩ። ዛሬ ማታ ስጋት ላይ ያለች ሴት የውይይት ፕሮግራም አይደለም የሚያስፈልጋት። ሐኪም፣ መጠለያ፣ የሕግ ሰው ነው የሚያስፈልጋት። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር መጠለያ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ከታች የማወዳድራቸው ግን ሌላ ሥራ ናቸው። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት ለማስቀረት የሚሠሩ ናቸው።

የነገሩን ስፋትም እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወቷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል ይላል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ ቡታጅራ አለች። በዚያ ጥናት ከቡታጅራ ገጠር ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ከባላቸው ወይም ከወንድ አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን በዚያው ዳሰሳ ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። "ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ" ብለው ከተስማሙት ውስጥ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ሴቶቹ 63 በመቶ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ሳነብ እናቴ ለታላቅ እህቴ "ቻይው ልጄ" ስትላት ትዝ አለኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እሷም እንዲሁ ተብላ ነው ያደገችው።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ድረስ ጠልቆ መግባት አለበት። የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች ጉዳዩን እንደ ወባ ወይም እንደ ኮሌራ ነው የሚይዙት። መነሻውን ይፈልጋሉ፣ አንድ መፍትሔ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ይቆጥራሉ። ጥሩው ጥናት መንደሮችን በዕጣ ይመድባል። ግማሾቹ ፕሮግራሙን ያገኛሉ፣ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ይቆያሉ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ሴቶቹ ይጠየቃሉ። "ሰልጣኞቹ ወደውታል" የሚል ሪፖርት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የተወደደ ስልጠና ሁሉ ዱላ አያስቀምጥም።

የቡናው ክብ፦ ሴቶች ብቻ፣ ወንዶች ብቻ ወይስ ጥንዶች?

ለእኛ እጅግ የሚቀርበው ጥናት የተደረገው ጉራጌ ዞን ውስጥ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። 64 መንደሮችና 6,770 አባወራዎች ገብተውበታል። አሠራሩን ሳነብ ደስ አለኝ። አዳራሽ ተከራይተው፣ ፕሮጀክተር ሰቅለው አላስተማሩም። ሰዎቹን በቡና ዙሪያ ነው ያስቀመጧቸው። ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይጀመራል፣ በመሃል ስለ ትዳር፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ መተራረቅ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ይወራል። አንድ ቡድን 14 ጊዜ ይገናኛል።

መንደሮቹ በዕጣ አራት ቦታ ተመደቡ። በአንደኛው ሴቶች ብቻ፣ በሁለተኛው ወንዶች ብቻ፣ በሦስተኛው ጥንዶች ተሰበሰቡ። አራተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። ይህ ነው ጥናቱን ለእኛ ወርቅ የሚያደርገው። ቡናው ያው ነው፣ አገሩ ያው ነው፣ የተለያየው የተቀመጠው ሰው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ጠየቁ። ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት በሴቶቹ ላይ የሚደርሰው ጥቃት በዋናው መለኪያ የጎላ ለውጥ አላሳየም። ወንዶቹ በተሰበሰቡበት ግን በሚስት ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸም እንደቀነሰ ወንዶቹ ራሳቸው ከሰጡት መልስ ታየ። የእድራችን አዛውንት ጥናቱን ሳያነቡ የጠየቁት ጥያቄ ይኼው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በአንቀጽ 564 ያነሳዋል። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ግን "ከጋብቻ ውጭ" ይላል። ባል በሚስቱ ላይ የሚያደርገው በዚያ አንቀጽ አይገባም። እንግዲህ አስቡት። ፖሊስ የማይገባበት፣ ዳኛ የማያየው፣ ሴቷ ለእናቷ እንኳ የማትናገረው ነገር ነው። እዚያ ቦታ ላይ የወንዶች የቡና ጨዋታ አንድ ነገር አንቀሳቀሰ። ይህ በእኔ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱም ይነገር። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ያሳምራል። "አላደርግም" ማለት የተማረ ወንድ፣ ባያደርግም ቢያደርግም "አላደርግም" ሊል ይችላል። ስለዚህ የወንዶቹን መልስ ብቻ ይዞ መጨፈር አይገባም። ሴቶቹ በሰጡት መልስ ደግሞ ያን ያህል ግልጽ ለውጥ አልታየም። እኔ ግን አሁንም የወንዶቹን ቡድን ከሴቶች ብቻ ቡድን አስቀድማለሁ። ሴቶቹን ብቻ ማስተማር ሸክሙን ዞሮ ዞሮ እነሱ ላይ ይጥላል። መብቷን አውቃ ቤቷ ትገባለች፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ግን ያው ነው።

ጥንዶቹ ሩዋንዳ ላይ

"ጥንዶችስ ምን ሆኑ?" ትሉ ይሆናል። በጉራጌው ጥናት የጥንዶቹ ቡድን እንደታሰበው አልሆነም። ሩዋንዳ ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ። እዚያ የተመረጡት በመንደር የቁጠባ ማህበር ውስጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ባልና ሚስት አንድ ላይ በየሳምንቱ ተቀምጠው 21 ክፍል ጨረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የመድረስ ዕድሉ በ55 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ወንዶቹም ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። የሁለቱ ወገን ቃል ሲገጥም ነው ልብ የሚያርፈው።

አንዱ ከሌላው ለምን ተለየ? የእኔ ግምት ይኼ ነው። 21 ሳምንት ረጅም ነው። ሰው ስምንተኛው ሳምንት ላይ የሰማውን ቤቱ ሄዶ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ዘጠነኛው ላይ ተመልሶ ያወራዋል። ደግሞም እነዚያ ሰዎች በቁጠባ አስቀድመው የተሳሰሩ ናቸው። የሚቀር ሰው ይታወቃል፣ ይጠየቃል። እድርና እቁብ ያለው ሕዝብ ይህን በደንብ ይረዳዋል።

ጥንዶችን መሰብሰብ አደጋም አለው። ሚስት ባሏ አጠገብ ተቀምጣ እውነቱን ብትናገር ማታ ምን ይጠብቃታል? ከባድ ጥቃት ባለበት ቤት ይህ ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ማህበር ለሴቶቹ ብቻቸውን የሚናገሩበት ጊዜ ማዘጋጀት አለበት። ውይይቱንም "ያንተ ቤት ምን ተደረገ?" ብሎ ሳይሆን በምሳሌ፣ በሌላ ሰው ታሪክ መምራት ይሻላል።

ሩዋንዳ ላይ ሌላም ነገር ተሞክሯል። ከሰለጠኑት ጥንዶች መካከል የተመረጡት ወጥተው መንደሩን እንዲያስተምሩ ተደረገ። በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ግን ልዩነት አልታየም። "ጥቂቶቹን እናሰልጥን፣ እነሱ ለሌላው ያደርሳሉ" የሚለውን ሐሳብ እኛም በጣም እንወደዋለን። በወረቀት ላይ ብዙ ሰው ይደርሳል። በተግባር ግን ትምህርቱ ሁለተኛው ሰው ጋር ሲደርስ ይቀጥናል።

ገንዘብ በእጇ ቢኖርስ?

ይህ ጥያቄ በእድራችን ስብሰባ ላይ ብዙ አከራክሯል። እኔም ስጀምር "ገቢ ያላትን ሴት ማንም አይነካትም" ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ሁለት ጥናቶች ሐሳቤን አስተካከሉት።

የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ውስጥ በ8 መንደሮች የተደረገ ነው። ለድሃ ሴቶች የንግድ ብድር ተሰጠ። ከብድሩ ስብሰባ ጋር አያይዘው 10 ክፍል ያለው ትምህርት ሰጧቸው። ስለ ጾታ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ኤች አይ ቪ ያወራሉ። ከዚያም ሴቶቹ የራሳቸውን መንደር ለሥራ አነሳሱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም በሁለት ዓመት ውስጥ የጥቃት ስጋት በ55 በመቶ መቀነሱ ታየ። በኋላ ላይ ብድሩን ብቻ ካገኙ መንደሮች ጋር ሲያነጻጽሩት ግን ልብ የሚባል ነገር ወጣ። ብድሩ ብቻውን ኑሮን ያሻሽላል። ያ ሁሉ ሌላ ለውጥ የመጣው ግን ትምህርቱ ሲጨመርበት ነው።

ሁለተኛው እዚሁ አገራችን ነው። ሁለት የኖርዌይ ኢኮኖሚስቶች 27 ድርጅቶች ውስጥ ለሥራ ከተመዘገቡ ብቁ ሴቶች መካከል ዕጣ እንዲወጣ አደረጉ። ዕጣ የደረሳት ተቀጠረች፣ ያልደረሳት ቀረች። ከዚያ የሁለቱን ቤት አነጻጸሩ። የተቀጠሩት ገቢያቸው ጨመረ። ከባል የሚደርስባቸው ጥቃት ግን አልቀነሰም። አልጨመረምም። "ሚስት ሥራ ስትይዝ ባል ይናደዳል" ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህ መልካም ወሬ ነው። ዱላውን ደሞዝ ያቆመዋል ላለ ሰው ግን መልሱ አይሆንም ነው።

እዚህ ላይ ስሜቴን ልናገር። ሴት ሥራና ገንዘብ የሚገባት ሰው ስለሆነች ነው፤ የዱላ መከላከያ ስለሆነ አይደለም። ብድር መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ። ግን ይህን ችግር እንፈታበታለን ብላችሁ ከሆነ ውይይቱን አያይዙት፤ አለዚያ ግማሽ መንገድ ነው።

ሰፈሩን ሁሉ ማንቀሳቀስ

ካምፓላ ውስጥ "ሳሳ" የሚባል ሥራ ተሠርቷል። ቃሉ በስዋሂሊ "አሁን" ማለት ነው። በስምንት ሰፈሮች ነው የተጠናው፤ አራቱ ሥራውን አገኙ፣ አራቱ ለማነጻጸሪያ ቆዩ። ተራ የሰፈር ሰዎች ለዓመታት ከጎረቤት ጋር፣ በሱቅ ደጅ፣ በስብሰባ ስለ ሥልጣን ያወራሉ። "ሥልጣን ያለው ማን ነው? እንዴት ይጠቀምበታል?" ብለው ነው የሚጀምሩት። ስለ ዱላ የሚያነሱት በኋላ ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ሥራው በተሠራባቸው ሰፈሮች ባለፈው አንድ ዓመት አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ቁጥር ከሌሎቹ በ52 በመቶ ያነሰ ነበር። ሰፈሮቹ ስምንት ብቻ በመሆናቸው ግን ስታቲስቲክሱ ሰፊ የጥርጣሬ ክልል አለው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። አመለካከት ላይ የታየው ለውጥ ግን ይበልጥ ግልጽ ነው። ወንድ ሚስቱን መምታቱን የሚቀበሉ ሰዎች ቀንሰዋል።

እንደኔ ይህ ከሁሉም ሥር የሚነካው መንገድ ነው። ጩኸት ሰምቶ በሩን የሚዘጋውን ጎረቤት፣ ማለትም እኔን፣ የሚለውጥ እሱ ነው። ግን ዓመታት ይፈልጋል። ደሞዝ የሚከፈለው አስተባባሪ ይፈልጋል። አንድ እድር ብቻውን አይችለውም። ብዙ እድሮች ተባብረው፣ ወይም ከወረዳው ጋር፣ ወይም በረጅም ጊዜ በጀት ከሚሠራ ድርጅት ጋር ከሆነ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሆን ነበር።

ባጭሩ የማልፋቸው

የአንድ ቀን ስልጠና፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ በነጭ ሪባን ቀን (በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት በሚወገዝበት ቀን) የሚደረግ ሰልፍ። ጉዳዩን ያስነሳሉ፣ ክፋት የላቸውም። ዱላ ያስቆማሉ ብላችሁ ግን የእድር ገንዘብ አታውጡባቸው። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለመጠለያ ስጡት። ቢያንስ አንዲት ሴት ጥቂት ሌሊት በሰላም ታድራለች።

መጠጥም ይነሳል። ሉሳካ፣ ዛምቢያ ውስጥ ለጥንዶች የተሰጠ የምክር ሕክምና መጠጡንም ጥቃቱንም ቀንሷል። ጥሩ ነው፤ ግን የሰለጠነ መካሪና ክትትል ይፈልጋል። "ጠጥቶ ነው፣ ራሱን አያውቅም" የሚለውን ማመካኛም እንዳያጠናክር ጥንቃቄ ይደረግ። ጠጥቶ አለቃውን የማይመታ ሰው ነው ሚስቱን የሚመታው።

ሽምግልናን በተመለከተ አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፣ ቂም ያስታርቃሉ። በዚህ ጉዳይ ግን ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ሴቷን ወደ ቤቷ ለመመለስ ነው። "ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳሉ" ተብሎ ይመረቃል። ክንድ የሰበረ ሰው ወንጀል ሠርቷል፤ ያንን በዕርቅ መዝጋት አይገባም። ሽማግሌዎቹን በውይይቱ ክብ ውስጥ ማስገባት ግን ትልቅ ጥቅም አለው። እነሱ "ታገሺ" ማለት ሲተዉ ሌላው ይሰማቸዋል።

እንዴት ትመርጣላችሁ?

መጀመሪያ ማን ማን በየጊዜው እንደሚመጣላችሁ እዩ። እንደ እኛ ወንዶቹ በየወሩ የሚገናኙበት እድር ካላችሁ በወንዶች ቡድን ጀምሩ። ባልና ሚስት አንድ ላይ የሚቆጥቡበት ማህበር ከሆናችሁ የሩዋንዳው ዓይነት ይስማማችኋል። የሴቶች ብድርና ቁጠባ ማህበር ከሆናችሁ ውይይቱን ከብድሩ ቀን ጋር እሰሩት፤ ባሎቹን የምትጠሩበትንም መንገድ ፈልጉ።

ቀጥሎ ጊዜውን ቁጠሩ። ከአሥር በታች በሆነ ግንኙነት ለውጥ እናመጣለን አትበሉ። ያየናቸው ሥራዎች 10፣ 14፣ 21 ክፍል ናቸው፤ የካምፓላው ደግሞ ዓመታት። ከገንዘባችሁ ትልቁን ድርሻ ለአወያዩ ስልጠና መድቡ። አወያዩ ራሱ "አንዳንዴማ ይገባታል" የሚል ሰው ከሆነ ቡናው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ሦስተኛው የሴቶቹ ደህንነት ነው። ሥራው ሲጀመር የሚናገሩ ሴቶች ይበዛሉ። ያ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ዝምታው ተሰበረ ማለት ነው። ግን የት እንደምትልኳቸው አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ አትጀምሩ። ጤና ጣቢያው፣ የፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕጻናት ክፍል፣ መጠለያው፣ የሚያገኟቸው ሰዎች ስም ጭምር በወረቀት ይያዝ። ለውጡን ለማየት ስትጠይቁም የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተከተሉ፦ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ፣ ብቻዋን፣ ማንም በማይሰማበት። ባል ገብቶ ቢቀመጥ ጠያቂዋ ወሬውን ወዲያው ወደ ልጆች ክትባት ታዙር።

የእኛ እድር የወንዶቹን ቡድን መረጠ። አሥራ አራት እሁድ፣ ከስብሰባው ቀጥሎ። ሁለት አወያዮች ሰለጠኑ። የሴቶቹ ማህበር ደግሞ ለብቻው እየተገናኘ የሚሉትን እንዲነግረን ተስማማን።

በመጀመሪያው እሁድ ግን ያላሰብነው ጥያቄ መጣ። ቡናውን ማን ያፍላ? አንዱ "ሚስቴን ልጥራት" አለ። ሌላው "እንዴት! እሷ ካለች ምን እናወራለን?" አለው። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ያ አዛውንት ተነሱ። ጋቢያቸውን አጣፉና ከረከቦቱ ፊት ተቀመጡ። በሰባ ዓመታቸው ቡና ቆልተው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው አረረባቸው። ጣሉትና እንደገና ጀመሩ።